አዋጁን ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል፤ ደንቡንስ ማን ያየዋል?

«መመሪያው አይፈቅድም» የሚለውን መልስ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የውጭ ምንዛሪ የጠየቀ አስመጪ፣ ዕቃው ጉምሩክ የተያዘበት ነጋዴ፣ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ የተሰለፈ ባለሙያ ሁሉ ይህችን አባባል ያውቃታል። የሚገርመው መልሱ መሰጠቱ አይደለም። የሚገርመው ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አለመኖሩ ነው። ይህንን መመሪያ ማን አወጣው? ሲያወጣስ ማን አየው? የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው የሚባሉት የምክር ቤት አባላት ስለ ጉዳዩ ያውቃሉ?

በአገራችን ስለ ሕግ አወጣጥ ሲወራ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በአዋጅ ላይ ነው። ረቂቅ አዋጅ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲመራ ጋዜጦች ይጽፋሉ፤ ቋሚ ኮሚቴው ባለድርሻ አካላትን ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም አባላት ይከራከራሉ። አዋጁ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ግን ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። እውነቱ ሲታይ ግን የዜጋውን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚነካው አብዛኛው ነገር የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን «ከዚያ በኋላ» የሚመጣውን ክፍል ነው። አስፈጻሚው አካል የሚያወጣቸው ደንቦችና መመሪያዎች ሕግ ሆነው ከመጽናታቸው በፊት በፓርላማ ዓይን ማለፍ አለባቸው ወይ? ሌሎች አገሮችስ ይህንን እንዴት ያደርጉታል? የእኛስ ክፍተት የቱ ላይ ነው?

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ

የፌዴራል ሕጎቻችን ቅደም ተከተል ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። ከሥሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ ይመጣል። ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ፣ በመጨረሻም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ባለሥልጣናትና ኤጀንሲዎች የሚያወጧቸው መመሪያዎች አሉ። ደንብና መመሪያ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ የውክልና ሕግ ይባላሉ።

የውክልና ሕግ የሚወለደው ከአዋጁ መጨረሻ አካባቢ ካለች አንዲት አንቀጽ ነው። አብዛኞቹን አዋጆች ገልጦ ያየ ሰው ያገኛታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ለማስፈጸም የሚያስፈልግ ደንብ ሊያወጣ እንደሚችል፣ አግባብ ያለው መሥሪያ ቤትም መመሪያ ሊያወጣ እንደሚችል ትናገራለች። ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር አትበልጥም፤ በክርክርም ወቅት የሚያነሣት የለም። ይሁን እንጂ ከእሷ የሚወጣው ሕግ ከአዋጁ እጥፍ ድርብ ሊረዝም ይችላል።

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ምክር ቤቱ የእያንዳንዱን ፈቃድ ቅጽ፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት መመዘኛ፣ የእያንዳንዱን የሒሳብ ሰነድ ዓይነት በአዋጅ ልጻፍ ቢል ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦም አይጨርስም። ዓለም በሙሉ በውክልና ሕግ ይሠራል። ክርክሩ ያለው ውክልናው መሰጠት አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ሳይሆን፣ የሰጠው አካል በኋላ ምን እንደተጻፈ ያያል ወይስ አያይም በሚለው ላይ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ኃይል

«ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ ባለሙያዎች ይጨርሱታል» የሚል ሰው ካለ ጥቂት ምሳሌዎችን ማስታወስ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 አንድ ድርጅት ከወጪው ለአስተዳደር ማዋል የሚችለው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማው እንዲያውል ደነገገ። ቁጥሩ በምክር ቤት ውስጥ ክርክር ያስነሣ ነበር። ነገር ግን «አስተዳደራዊ ወጪ» ምን ምንን ያካትታል የሚለውን በዝርዝር የተረጎመው በ2003 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ነው። ድርጅቶቹ ለዓላማችን ማስፈጸሚያ ነው የሚሏቸው፣ እንደ ሥልጠናና ጉዞ ያሉ ወጪዎች በመመሪያው ወደ አስተዳደር ሣጥን ሲገቡ 30 በመቶው በተግባር ሌላ ቁጥር ሆነ። ድርጅቶቹ ለዓመታት ያማርሩበት የነበረው «70/30» ከአዋጁ ይልቅ መመሪያው ነበር። በመጨረሻ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን አዋጅ ሽሮ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ አደረገው። የአስተዳደር ወጪን ትርጉም ግን በማጥበቡ ዝቅተኛው ቁጥር ከከፍተኛው የቀለለ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፤ በመቶኛው ምን ያህል እንደሆነ ያጸደቀ ምክር ቤት የመቶኛው ትርጉም ከእጁ ከወጣ ያጸደቀው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሁለተኛው በባንክ ዘርፍ ያሉ አንባቢያን የማይረሱት ነው። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ቆየ። የባለ አክሲዮኖችን ትርፍ፣ የአስቀማጮችን ገንዘብና የተበዳሪዎችን ዕድል በአንድ ጊዜ የነካ ውሳኔ ነው። ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንተወው። የእኛ ጥያቄ ይህን ያህል ክብደት ያለው ውሳኔ የሕግ ቅርጹ መመሪያ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የቅርቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ቁጥር ኤፍኤክስዲ/01/2024 አገሪቱ የምንዛሪ ተመን በገበያ ወደሚወሰንበት ሥርዓት ገባች። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ቀኑን ልብ ይሏል። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን መደበኛ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 አድርጎታል። ስለዚህ ከደመወዝተኛው የወር ገቢ እስከ አስመጪው ዕዳ ድረስ ሁሉን የነካው መመሪያ የወጣው መደበኛው የሥራ ዘመን ካበቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ማለት ነው። ባንኩ ሥልጣን አልነበረውም እየተባለ አይደለም፤ በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 591/2000 መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቶታል። እንዲህ ያለው ጉዳይ አስቀድሞ አደባባይ ቢወጣ ገበያውን ያናውጣል የሚለው መከራከሪያም ውኃ የሚቋጥር ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማሳየት የማይቻለውን በኋላ ማሳየት ይቻላል።

አራተኛው የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታውጆ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ጸደቀ። አዋጁ ግን አጭር ነበር። የትኛው መብት እስከ ምን ድረስ እንደሚገደብ የዘረዘረው ደንብ ቁጥር 466/2012 ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለው፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ የሆነው በደንቡ ነው። የእስርና የገንዘብ ቅጣቱ በአዋጁ ላይ ተጽፏል፤ የሚያስቀጣው ድርጊት ግን በደንቡ ላይ። እንደራሴዎቹ ቅጣቱን አጸደቁ፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ የወሰነው ሌላ አካል ነው።

የወከለ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ይህ ማለት ደንብ የማውጣት ሥልጣን የአስፈጻሚው የራሱ ሀብት አይደለም፤ የተሰጠው ነው። የሰጠውም ምክር ቤቱ ነው።

መኪናውን እንዲሸጥለት ለዘመዱ ውክልና የሰጠ ሰው በስንት እንደተሸጠ የመጠየቅ መብት እንዳለው ማንም አይጠራጠርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ወኪል ስለ ሥራው ለወካዩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በግለሰቦች መካከል እንዲህ ግልጽ የሆነው ነገር ወደ መንግሥት ሲመጣ ደብዝዟል። ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ሲያውስ፣ የተጻፈው ደንብ ሁሉ ተመልሶ ይቅረብልኝ የሚል አጠቃላይ ግዴታ አላስቀመጠም። ቋሚ ኮሚቴዎች በመስክ ጉብኝትና በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ስለ ደንብ አፈጻጸም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረትም ሚኒስትር ጠርተው የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው። ነገር ግን እያንዳንዱን ደንብ ከእናት አዋጁ ጋር አስተያይቶ የማየት ቋሚና የተለመደ ሥራ የለም።

ሌሎች አገሮች ምን ያደርጋሉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ተወዛግበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1929 የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሎርድ ሂዋርት የሚኒስትሮችን ሕግ የማውጣት ሥልጣን መስፋፋት «አዲሱ አምባገነንነት» በሚል ርዕስ ባወጡት መጽሐፍ ነቀፉ። መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በ1932 ሪፖርቱን አቀረበ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ ሕግ ዛሬ ድረስ ለሚሠራው ሥርዓት መሠረት ጣለ።

የእንግሊዝ ሥርዓት ደንቦችን እንደ ክብደታቸው ይለያል። ከባድ የሆኑት የቅድሚያ ማጽደቅ ሥርዓትን ይከተላሉ። ረቂቁ ለፓርላማ ይቀርባል፤ እንደ ደንቡ ሁለቱም ምክር ቤቶች «እሺ» ካላሉ ሕግ አይሆንም። ቀለል ያሉት ደግሞ በመሻር ሥርዓት ያልፋሉ። ደንቡ ይወጣል፤ ፓርላማው በ40 ቀናት ውስጥ ሊሽረው ይችላል፤ ካልሻረው ይጸናል። በሁለቱም ላይ ኮሚቴዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ፖሊሲውን አይነካም፤ ደንቡ ከተሰጠው ሥልጣን አልፏል ወይ፣ አጻጻፉ ግልጽ ነው ወይ የሚለውን ብቻ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሎርዶች ምክር ቤት የተቋቋመው ሌላ ኮሚቴ ደግሞ የፖሊሲ ክብደት ያላቸውን ለይቶ ለአባላቱ ያመለክታል።

ይህ ሥርዓት ጥርስ ያለው መሆኑ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ታይቷል። መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የግብር ድጎማ ለመቀነስ የመረጠው መንገድ አዋጅ ሳይሆን ደንብ ነበር። ረቂቅ ደንቡ ለቅድሚያ ማጽደቅ ሲቀርብ የሎርዶች ምክር ቤት ውሳኔውን እንዲዘገይ በድምፅ አደረገ። በወሩ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ቅነሳውን ተዉት። መንግሥት ተቆጥቶ የሎርዶቹ ሥልጣን እንዲቀነስ የሚመክር ጥናት አስጠና። ቁጣው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጥርስ የሌለውን ማንም አይቆጣውም።

አውስትራሊያ ከዚህም ትጠብቃለች። የሴኔቱ የደንብ መርማሪ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። በአገሪቱ ሕግ አንድ ደንብ ከተመዘገበ በኋላ በ6 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ካልቀረበ ተፈጻሚነቱ ያቆማል። ከቀረበ በኋላ ማንኛውም አባል በ15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ «ይሻር» ብሎ ሞሽን ማስመዝገብ ይችላል። ሞሽኑ ቀርቦ በተጨማሪ 15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደንቡ በራሱ ጊዜ እንደተሻረ ይቆጠራል። መንግሥት ጉዳዩን ከአጀንዳ እያወጣ ማድበስበስ አይችልም ማለት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ይህንን መንገድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ነው። ደንብ የሚያወጣው አካል አስቀድሞ የሚመለከታቸውን ማማከር አለበት። ደንቡ ከታተመ በኋላ በ7 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ለፓርላማ ካልቀረበ ዋጋ ያጣል። የውክልና ሕግ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ፓርላማውም ሊሽረው ይችላል። አንድ ደንብ ወጥቶ 10 ዓመት ሲሞላውም ጊዜው ያልፍበታል፤ መንግሥት ከፈለገው አዲስ ምክንያት ይዞ እንደገና መምጣት አለበት። በአንዳንድ ጉዳዮች ደግሞ የቅድሚያ ማጽደቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኬንያ መንግሥት የአገሪቱን የብድር ጣሪያ 9 ትሪሊዮን ሽልንግ ለማድረግ የፈለገው የፋይናንስ አስተዳደር ደንብን በማሻሻል ነበር፤ ማሻሻያው በፓርላማው ማለፍ ነበረበት። አለፈም። ነገር ግን ፓርላማው ለዕዳው ይሁንታ መስጠቱ ተመዝግቧል፤ ነገ መራጩ ሊጠይቀው ይችላል።

ዝምታው ለማን ይቆጠራል?

እነዚህን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው ልዩነታቸው በአንዲት ጥያቄ ይጠቃለላል። ምክር ቤቱ ምንም ሳይል ቢቀር ዝምታው ለማን ይቆጠራል?

በእንግሊዝ የመሻር ሥርዓት ዝምታ ለመንግሥት ይቆጠራል፤ ማንም ካልተናገረ ደንቡ ይጸናል። ውጤቱም የታወቀ ነው። የታችኛው ምክር ቤት በዚህ መንገድ የቀረበለትን ደንብ ለመጨረሻ ጊዜ የሻረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 ሲሆን፣ ጉዳዩም የነጭ ጋዝ የችርቻሮ ዋጋ ጣሪያን የሚያነሣ ትዕዛዝ ነበር። በዓመት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ደንቦች እያለፉ ከአራት አሠርት ዓመታት በላይ አንዱም አልተሻረም። በቅድሚያ ማጽደቅ ግን ዝምታ በመንግሥት ላይ ይቆጠራል፤ ድምፅ ካልተሰጠ ሕግ የለም። በአውስትራሊያም ሞሽን ከተመዘገበ በኋላ እንዲሁ ነው።

በእኛ አገር ለደንብ ሲሆን ዝምታው ሙሉ በሙሉ ለአስፈጻሚው ይቆጠራል። እንዲያውም ዝምታ ለማለት እንኳ አስቀድሞ ጥያቄ መቅረብ ነበረበት፤ ለምክር ቤቱ የሚቀርብ ነገር ግን የለም።

ይሁን እንጂ ሌላኛው ዓይነት አሠራር ለሕገ መንግሥታችን ባዕድ አይደለም። አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያውጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በስብሰባ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነም በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብለት ያዝዛል። በስብሰባ ላይ እያለ የቀረበለትን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልተቀበለው ወዲያውኑ ይሻራል። እነሆ አቅርብ የሚል ግዴታ፣ እነሆ የጊዜ ገደብ፣ እነሆ በአስፈጻሚው ላይ የሚቆጠር ዝምታ። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች በከባዱ ጉዳይ ላይ ይህንን ካሰቡ ለተራው ደንብ ቀለል ያለውን ዓይነት ማበጀት የሚያቅት አይሆንም።

አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሞላውና ያልሞላው

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ትልቅ እርምጃ መወሰዱን መናገር ያስፈልጋል። ለረጅም ዓመታት ሲጠበቅ የቆየው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቷል። ከዚያ በፊት መመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ የመታተም ልማድ ስላልነበረው አንዳንዱ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚኖር ሕግ ነበር። አዋጁ ይህንን ለመለወጥ ተነሣ። መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል አለበት። ከማጽደቁ በፊት ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ልኮ አስተያየት መቀበልና በመጨረሻም ማስመዝገብ ይኖርበታል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። በመመሪያው የተጎዳም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከልሰው መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከእንግዲህ «መመሪያው አይፈቅድም» የተባለ ዜጋ የምዝገባ ቁጥሩን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ነገር ግን ሁለት ቀዳዳዎች ቀርተዋል። አንደኛ፣ አዋጁ የሚመለከተው መመሪያን እንጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብን አይደለም። ከበድ ያለው ሕግ ከቀላሉ ያነሰ ጥያቄ ይገጥመዋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መመሪያውን አስቀድሞ የሚመረምረው ፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ የአስፈጻሚው አካል ነው። ሚኒስትሩም በዚያው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲከልስ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወንበሩ ባዶ የሆነው የሥልጣኑ ባለቤት፣ ምክር ቤቱ ነው።

«አይሆንም» የሚሉ መከራከሪያዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም።

አንዱ ምክር ቤቱ ጊዜም ባለሙያም የለውም የሚል ነው። እውነት አለው። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው ደንቡን እንደገና መጻፍ አይደለም፤ ጥቂት የታወቁ ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው። ደንቡ አዋጁ ከሰጠው ሥልጣን አልፏል? አዋጁ ሳይፈቅድ ግብር፣ ክፍያ ወይም ቅጣት ጥሏል? ወደ ኋላ ሄዶ ይሠራል? ዜጋው ፍርድ ቤት እንዳይሄድ በር ይዘጋል? በአዋጅ ሊወሰን የሚገባውን ትልቅ ጉዳይ በደንብ አስገብቷል? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት ጥቂት ጠንካራ የሕግ ባለሙያዎች ያሉት ጽሕፈት ቤት ይበቃል።

ሌላው የአስቸኳይነት ጥያቄ ነው። የምንዛሪ ተመንን የመሰለ ጉዳይ በኮሚቴ ሲንከባለል ገበያው ይቀድማል። ለዚህ መልሱ የአውስትራሊያና የኬንያ መንገድ ነው፤ ደንቡ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ግን ይቀርባል። የቅድሚያ ማጽደቅ መብት ለሚገድቡ፣ ቅጣት ለሚጥሉና ሸክም ለሚያበዙ ጥቂት ደንቦች ብቻ ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የፖለቲካው ነው። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ገዥው ፓርቲ 410ሩን አሸንፏል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ ደንብ ቢቀርብስ ምን ይለወጣል? ማኅተም ከመሆን ይዘላል? ይህ ጥያቄ በቅንነት መልስ ይገባዋል። ደንብ ይሻራል ብሎ ተስፋ መስጠት አይቻልም። በእንግሊዝም ቢሆን ሽረት ብርቅ መሆኑን አይተናል። የምርመራው ጥቅም ግን በሽረት ብቻ አይለካም። ደንቡ እንደሚታይ ያወቀ ሚኒስቴር ሲጽፍ ይጠነቀቃል። ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ሐተታ ዘምክንያት አያይዞ መምጣት ይኖርበታል። ኮሚቴው የጠየቀውና ሚኒስቴሩ የመለሰው በመዝገብ ይቀመጣል፤ ጋዜጠኛው ይጽፈዋል፣ ጠበቃው ፍርድ ቤት ይጠቅሰዋል፣ ንግድ ምክር ቤቱና የሙያ ማኅበሩ አስተያየቱን ይዞ የሚሄድበት ቋሚ በር ያገኛል። የፖሊሲ ጥያቄ ሳይሆን «ከሥልጣን አልፏል ወይስ አላለፈም» የሚለውን የሚመለከት ኮሚቴ ደግሞ የራሱን ፓርቲ ሳይቃወም እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል። የእንግሊዙ የጋራ ኮሚቴ ከፖሊሲ የራቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም። ምክር ቤቱ በራሱ እጅ ባሉ ሦስት ነገሮች ሊጀምር ይችላል።

የመጀመሪያው የውክልና አንቀጿን እንደ ዋዛ አለማለፍ ነው። ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ ቋሚ ኮሚቴው «ደንብ ይወጣል» የምትለዋን መስመር ሲያይ ስለ ምን ጉዳይ፣ እስከ ምን ወሰን፣ በምን ያህል ጊዜ ብሎ ይጠይቅ። ከተቻለም ዋና ዋና ደንቦች በረቂቅ ደረጃ ከአዋጁ ጋር ተያይዘው ይምጡ። ወሰን ያልተጻፈለት ውክልና በኋላ ለመመርመርም መለኪያ የለውም።

ሁለተኛው አቅርብ የሚል ግዴታ ነው። ማንኛውም ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በተወሰነ የስብሰባ ቀን ውስጥ ከሐተታው ጋር ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ፣ ካልቀረበም ተፈጻሚነቱ እንዲያበቃ በአጠቃላይ አዋጅ ወይም በየአዋጁ መጻፍ ይቻላል። በእረፍት ጊዜ የወጣው በመስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲከፈት ይቅረብ።

ሦስተኛው ይህንን ብቻ ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወይም ከግል ተወዳዳሪ አባላት ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ባይሆን እንኳ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

እነዚህ ሁሉ ሲደረጉ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚለው መልስ ከየመስኮቱ አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም፣ ሕግ ባለበት አገር የማይፈቀድ ነገር አለና። ለውጡ ሌላ ነው። ዛሬ ያንን መልስ የሰማ ዜጋ እንደራሴውን ሄዶ ቢጠይቅ እንደራሴውም እንደሱ ደንቡን አንብቦት አያውቅ ይሆናል። የሚፈለገው ቢያንስ እንደራሴው «አይቼዋለሁ፤ ያልኩትም ይህንን ነው» ማለት እንዲችል ነው። ወክሎ የላከውን ሕዝብ ወክሎ ሌላውን የላከ ምክር ቤት ከዚህ ያነሰ መልስ ሊሰጥ አይገባውም።